ጥርስ ውስጥ ትል አለ እንዴ? ከመርካቶ ቅርንፉድ እስከ ጥርስ ሐኪሙ ወንበር

ቅርንፉድን ታውቁታላችሁ አይደል? ሻይ ውስጥ የሚገባው፣ ትንሽ ሚስማር የሚመስለው ቅመም። አሁን ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ በር ስትከፍቱ አፍንጫችሁን የሚመታውን ጠረን አስታውሱ። ብዙ ሰው ያ ጠረን ሲሸተው ሆዱ ይረበሻል፣ እግሩ ወደ ኋላ ይላል። የሚገርመው ነገር፣ ሁለቱ ጠረኖች አንድ ናቸው። የጥርስ ሐኪሞች ለጊዜያዊ ሙሌት ሲጠቀሙበት የኖሩት ዩጂኖል የሚባል ዘይት ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሰኘው ዘይት ነው።

መርካቶ ውስጥ ቅመም ወደሚሸጥበት ተራ ብትገቡና "ጥርሴን አሞኛል" ብትሉ፣ ቅርንፉድ የሚጠቁማችሁ ሰው አታጡም። "አንዷን የታመመው ጥርስ ላይ ነክሰህ ያዝ" ይላችኋል። ምክሩ ባዶ አይደለም። ዩጂኖል ነርቭ ወደ አንጎል የሚልከውን የሕመም መልእክት ያዳክማል። ችግሩ ማደንዘዙ እንጂ ማዳኑ ላይ አይደለም፤ ነርቩ ዝም ሲል ጥርሱ ውስጥ ያለው ነገር ሥራውን ይቀጥላል።

ለመሆኑ ጥርሱ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት አንድ መልስ ነበረው፦ ትል። ያ የተሳሳተ መልስ ስንቱን ሰው እንዳሰቃየ፣ ዛሬም ሕፃናትን እንዴት እየጎዳ እንደሆነ እንይ።

የገበያው መድኃኒት

መጀመሪያ ስለ ገበያው ትንሽ። ከ1928 ዓ.ም. በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ሲይዝ ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ የሚያሰፍር ፕላን አወጣ። አራዳን ለአውሮፓውያን አደረገና "የአገሬው ሰው" የሚገበያይበትን ቦታ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ሰፈር አዛወረው። "መርካቶ" የሚለው ስምም በጣሊያንኛ "ገበያ" ማለት ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙም ገበያውም ቀሩ።

መርካቶ ከእህሉና ከሸማው ጋር ትልቅ የመድኃኒት ገበያም ነው። ለጥርስ የሚሆነው ብቻ እንኳ ብዙ ነው። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከወይራ ወይም ከክትክታ የተቆረጠ መፋቂያ ታገኛላችሁ። ለሙስሊሙ ጥርስን በሲዋክ መፋቅ ሱና ነው፤ ለሌላውም የየዕለት ልማድ ነው። ጥርስ ሲያም ቅርንፉድ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ በአረቄ መጉመጥመጥ አለ። ሕመሙ ሲጠና ደግሞ የአገራችን ባህላዕ ሕክምና ሌላ ነገር ያዛል፦ ጭስ።

የጭሱ ዕፅ አስተናግር ይባላል፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻው ቦታ የሚበቅል፣ ነጭ ጡሩንባ የሚመስል አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። የእምቧይ ፍሬም ለዚሁ ይውላል። ፍሬው ፍም ላይ ይደረጋል፣ ታማሚው አፉን ከፍቶ ጭሱን ይታጠናል። ለምን? ትሉ እንዲወጣ ወይም እንዲሞት።

አስተናግር የሚለውን ስም ልብ በሉ። "የሚያናግር" እንደማለት ነው፤ የወሰደውን ሰው ያስለፈልፈዋላ! ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ኃይለኛ ኬሚካሎች አሉ። ሲበዙ ልብን ያስሮጣሉ፣ ያቃዣሉ፣ ሊገድሉም ይችላሉ። ጭሱን የታጠነ ሰው ትንሽ ሊደነዝዝና ሕመሙ ቀለል ሊለው ይችል ይሆናል። ግን መጠኑን ማን ይለካል? ስለዚህ ይህን ነገር እቤት ለመሞከር እንዳታስቡት።

ዓለምን የዞረው ትል

"ይህ እኮ የእኛ አገር የድሮ እምነት ነው" ብላችሁ እንዳትስቁ። የጥርስ ትል ዜግነት የለውም። በሜሶፖታሚያ፣ ማለትም በዛሬዋ ኢራቅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት ውስጥ እንኳ ስለ ጥርስ ትል የሚናገሩ ድግምቶች በሸክላ ላይ ይጻፉ ነበር። ከዚያ ወገን በተገኘ ጽሑፍ ላይ ትሉ እያለቀሰ አምላክ ፊት ይቀርብና ምግብ ይለምናል። በለስ ሲሰጠው እምቢ ይላል፤ በጥርስና በድድ መካከል መኖርን ይመርጣል። ግብፆች፣ ሕንዶች፣ ቻይናዎች፣ አውሮፓውያን ሁሉም ይህን ትል በየቋንቋቸው ያውቁታል።

እንዲያውም ጭሱም የጋራ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለጥርስ የሚታጠነው ሄንቤን የሚባል ዕፅ ነበር። ሄንቤን የአስተናግር ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከቲማቲም፣ ከድንችና ከበርበሬ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። እዚያ ፍሬው ፍም ላይ ሲነሰነስ ከታማሚው አጠገብ ውሃ የያዘ ሳህን ይቀመጣል። ጭሱ ሲያልቅ ውሃው ውስጥ ነጫጭ፣ የተጠማዘዙ ትናንሽ ነገሮች ይታያሉ። "ያው! ትሎቹ ወጡ!"

ምን ይመስሏችኋል? የሄንቤን ፍሬ በሙቀት ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ፅንስ፣ ቡቃያ ሊሆን የነበረው፣ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ቅርጹም ቁርጥ ትል ነው። ከዚህ የባሱም ነበሩ። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ጄራርድ በ1597 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንዳንድ አጭበርባሪ ጥርስ ነቃዮች የሙዚቃ መሣሪያ ጅማት ቆራርጠው ውሃው ውስጥ በመጨመር "ከአፍህ የወጣ ትል ነው" እያሉ ገንዘብ እንደሚቀበሉ ጽፏል።

ትሉን የገደለው ማን ነው?

በ1728 እ.ኤ.አ.፣ ጎንደር ላይ አጼ በካፋ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፣ ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ጥርስ ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው እሱ ነው። ፎሻር የተበሉ ጥርሶችን በማይክሮስኮፕ አየ፤ ትል የሚባል ነገር አላገኘም። ይልቁንም ስኳር ጥርስን እንደሚጎዳ አስጠነቀቀ።

እሺ፣ ትል ካልሆነ ማን ነው የሚበላው? መልሱ ሌላ 160 ዓመት ያህል ፈጀ። ዊሎቢ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በርሊን ውስጥ ቀላልና ድንቅ ሙከራ አደረገ። የተነቀሉ ጥርሶችን ወስዶ ከምራቅና ከዳቦ ወይም ከስኳር ጋር በሙቀት አቆያቸው። ጥርሶቹ እየለሰለሱ ሄዱ። ከምራቅና ከሥጋ ስብ ጋር ያቆያቸው ግን ምንም አልሆኑም። ምራቁን አስቀድሞ አፍልቶ ከዳቦው ጋር ሲያደርገው ደግሞ አሁንም ጥርሱ ደህና ነው!

ምን ተረዳ? የሚፈላ ነገር የሚገድለው ሕይወት ያለው ፍጡር ምራቁ ውስጥ አለ ማለት ነው። ያ ፍጡር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ስኳርና ዳቦ ሲያገኝ ይበላና አሲድ ያመነጫል፤ ጥርሱን የሚያሟሟው አሲዱ ነው። ሚለር ይህን በ1890 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። አዲስ አበባ ያኔ ገና ጥቂት ዓመት የሆናት ከተማ ነበረች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ስኳርን በብዛት ያመጣልን ሆላንዳዊው ኤች ቪ ኤ ኩባንያ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ ነው፤ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስኳር የመርካቶ መጋዘን ዋና ዕቃ፣ የሻያችንም ግድ ሆነ፤ የአፋችን ባክቴሪያም ቀለቡ ተሟላለት።

ወንጂ ሌላም የጥርስ ታሪክ አላት። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል። ፍሎራይድ በትንሹ ጥርስን ያጠነክራል፤ ለዚህም ነው የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው። ሲበዛ ግን ገና በማደግ ላይ ያለውን የልጅ ጥርስ ያበላሻል፣ ቡናማ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ላይ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የወንጂ ሠራተኞች ለዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከዚያ እጅግ ያለፈ ነበር። ጥርሳቸውን ብቻ ሳይሆን የአንዳንዶቹን አጥንትና የጀርባ አከርካሪ ጭምር ጎዳ። ስለዚህ ከስምጥ ሸለቆ የመጣ ጓደኛችሁ ጥርሱ ቡናማ ቢሆን "አይፍቅም" አትበሉት። የጠጣው ውሃ ነው።

ለምን ማታ ይብሳል?

ጥርስ ከውጭ ድንጋይ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ነርቭና የደም ሥር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ። ጣታችሁ ቢቆስል ያብጣል፤ ቆዳው ስለሚለጠጥ እብጠቱ ቦታ ያገኛል። የጥርስ ክፍል ግን ግድግዳው አይለጠጥም። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ነርቩን ይጨፈልቀዋል። ማታ ስትተኙ ደግሞ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ግፊቱ ይጨምራል። ያ "ድም፣ ድም" የሚል ሕመም የልባችሁ ምት ነው።

አንድ ቀን ሕመሙ ድንገት ጥፍት ይላል። "እፎይ፣ ተሻለኝ!" ተሽሎ ነው? ብዙ ጊዜ አይደለም። ነርቩ ሞቶ ነው። ባክቴሪያው ግን አልሞተም፤ በጥርሱ ሥር አልፎ ወደ አጥንቱ እየወረደ ነው። ከዚያ መግል ይቋጥራል፣ ጉንጭ ያብጣል። ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የተነሳ መግል ወደ አንገት ወርዶ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። በጥርስ ሰው ይሞታል ሲባል ተረት አይደለም።

ጉጠት

ጭሱም ቅርንፉዱም እምቢ ሲሉ የቀረው መንቀል ነበር። እኛ አገር ይህ የወጌሻ ሥራ ነው፤ መሣሪያውም ጉጠት። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት በመጠገን የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ግን ማደንዘዣ የለውም። አውሮፓም ከዚህ አይሻልም ነበር። እዚያ ጥርስ የሚነቅለው ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ አንዳንዱ እንዲያውም ገበያ መሃል ሕዝብ ሰብስቦ ነው የሚነቅለው። ዘመዶች እጅና እግር ይይዛሉ፣ ታማሚው ይጮሃል። "ጥርስህን ነክሰህ ቻለው" እንዳይባል፣ የሚነቀለው እሱ ራሱ ጥርሱ ነው!

ጥርስ ሕክምና ለዓለም ያበረከተው ትልቁ ስጦታ የመጣው ከዚህ ስቃይ ነው። ሰውን አስተኝቶ ቀዶ ጥገና ማድረግን ለዓለም ያሳዩት የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። በ1844 እ.ኤ.አ. ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም "የሚያስቅ ጋዝ" የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። በ1846 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሙያ ባልደረባው ዊሊያም ሞርተን ኤተር የሚባል ፈሳሽ አስተንፍሶ ሰው ሳይጮህ እንዴት እንደሚቀደድ ቦስተን ውስጥ በሐኪሞች ፊት አሳየ። እኛ ጋ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብሎ ሊነግሥ ገና 9 ዓመት ያህል ቀርቶታል።

ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ከማስተኛት የታመመውን ቦታ ብቻ ወደ ማደንዘዝ ተሄደ። ዛሬ ብዙ ጊዜ ድዳችሁ ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን በ1943 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ1948 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። አሠራሩ ቅርንፉድን ያስታውሳል፦ የነርቩን መልእክት መንገድ ይዘጋል፤ ግን ከቅርንፉዱ እጅግ በጠነከረ ሁኔታ።

ታዲያ ለምን እንፈራለን?

"እኔ ግን ተወግቼም አሞኛል" የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ውሸት አይደለም። ማደንዘዣው የሚሠራው ወደ ነርቩ ዘልቆ ሲገባ ነው። ያበጠና የመገለ ሥጋ ደግሞ አሲድ ይበዛበታል፤ አሲድ ውስጥ አብዛኛው መድኃኒት የነርቩን ግድግዳ ማለፍ ወደማይችል ዓይነት ይለወጣል። መርፌው ተወግቶ ሥራው ግማሽ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ክቡን ተመልከቱት። ሰውየው ይፈራል፤ ስለሚፈራ በቅርንፉድ እያስታገሠ ይቆያል። በቆየ ቁጥር ጥርሱ ይመግላል። ሲመግል ማደንዘዣው በደንብ አይሠራም፤ ሊሞላ ይችል የነበረውም ጥርስ ከመነቀል ሌላ ዕድል ያጣል። ያመዋል። ወጥቶ ለጎረቤቱ ይነግራል። ጎረቤቱም ይፈራል። ይህ ፍርሃት በአፍንጫ እንኳ ይማራል፦ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገ ጥናት ጥርስ ሐኪም የሚፈሩ ሰዎች ዩጂኖል ሲሸታቸው ሰውነታቸው የፍርሃት ምልክት እንደሚያሳይ፣ የማይፈሩት ግን ያንኑ ጠረን እንደሚወዱት አሳይቷል። ጠረኑ አንድ ነው፤ የሚለየው ትዝታው ነው።

ደግሞ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ክሊኒክ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከከተማ ሲርቁ ደግሞ ሐኪሙም የለም። የቅርንፉድና የጉጠት ዘመን የረዘመው ሰው ስላላወቀ ብቻ ሳይሆን አማራጭ ስላጣም ነው።

የመጨረሻው ትል

ትሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። አንድ ቦታ ቀርቷል፤ የሕፃን ድድ ውስጥ።

ግግ ማስወጣት ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሆነው ተቅማጥና ትኩሳት ይይዘዋል። ድዱን ሲያዩት ክራንቻ የሚበቅልበት ቦታ አበጥ ብሎ ነጣ ይላል። "ግግ ነው፣ ካልወጣ ይገድለዋል" ይባልና በምላጭ ወይም በወስፌ ተፈልፍሎ ይወጣል። የሚወጣው ነገር ለስላሳ፣ ነጭና ትንሽ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ቦታ ይህን ለእናትየው እያሳዩ "ትሉ ይኸው" ይሏታል። እሱ ግን ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው።

ይህም የእኛ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በየሳምንቱ በሚወጣው የሟቾች ዝርዝር ላይ "ጥርስ" ራሱን ችሎ የሞት ምክንያት ሆኖ ይጻፍ ነበር። ታዋቂው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም አምብሩዋዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጥርስ የሚያወጡ ሕፃናትን ድድ መቅደድን መክሮ ነበር፤ አውሮፓውያን ሐኪሞችም ይህን ለመቶዎች ዓመታት ሠርተውታል።

ሁሉም የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሕፃን ድዱ ማበጥ በሚጀምርበት ዕድሜ ሌሎች ነገሮችም ይጀምራሉ፦ ከጡት ሌላ ምግብ ይቀምሳል፣ መሬት ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፤ ከእናቱ ያገኘው የበሽታ መከላከያም እየቀነሰ ይሄዳል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። ሕፃኑ ይደማል፤ በቆሸሸ መሣሪያ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ይዘገይበታል። ከወተት ጥርሱ ጀርባ የሚጠብቀው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። እስራኤል ውስጥ ሐኪሞች የቤተ እስራኤላውያን ልጆችን አፍ ሲመረምሩ የጎደሉ የወተት ክራንቻዎችና በአጠገባቸው የተበላሹ ጥርሶች አግኝተው ጥናቱን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ልጆቹ አገር ቀየሩ፤ የወስፌው ምልክት ግን አብሯቸው ተሻገረ።

ይህን የምታነቡት እናንተ ምናልባት ጥርስ ሐኪም ስለመሆን አላሰባችሁም ይሆናል። ግን ቤታችሁ ሕፃን ወንድም ወይም እህት ሊኖር ይችላል። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና አንድ ሰው "ድዱን አሳዩት" ሲል የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፦ ጡቱን ሳያቋርጡ፣ ሕይወት አድኑን እየሰጡ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ለራሳችሁ ደግሞ፣ መፋቂያውን አትጣሉት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን በእንጨት መፋቅን ሲያበረታታ ኖሯል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ጨምሩበት፣ ስኳሩን ቀንሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጡ አንድ ጥርስ "ጥዝ" ካደረጋችሁ ያን ጊዜ ሂዱ፤ ማታ ማታ "ድም ድም" እስኪል አትጠብቁ። በዚያ ሰዓት የሚገባው መርፌ በደንብ ይሠራል፣ ጥርሱም አፋችሁ ውስጥ ይቀራል።